ወዳጅ አንባቢና ባዕድ አንባቢ፦ ደራሲ የሆነን ጓደኛ ስለ ማንበብ

መነሻ

አንድ ልብ ወለድ ደራሲውን በሚያውቅ ሰው እጅና በማያውቅ ሰው እጅ ሲገባ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው ለማለት ያስቸግራል። ቃላቱ ያው ናቸው፤ ትልሙም ያው ነው። ይሁንና ደራሲውን የማያውቀው አንባቢ ገጸባህርያቱን የሚተዋወቃቸው በመጽሐፉ ውስጥ ሲሆን፣ ደራሲውን የሚያውቀው ግን ከመጽሐፉ በፊት የሚያውቃቸው ይመስለዋል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን «ባዕድ አንባቢ»፣ ሁለተኛውን «ወዳጅ አንባቢ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ዓላማዬም ወዳጅ አንባቢ ለሥነጽሑፍ ሒስ ምን እንደሚጠቅምና በምን እንደሚጎዳ ከአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ በተወሰዱ ማሳያዎች መመርመር ነው።

ጉዳዩን እንዳነሣ ያደረገኝ በቅርቡ የገጠመኝ ነገር ነው። ደባርቅ አብሮኝ የተማረ፣ ትውልዱ በየዳ የሆነ ጓደኛዬ ልብ ወለድ ማሳተሙን ያወቅሁት ከራሱ አፍ ሰምቼ ሳይሆን፣ ጎንደር ከአንድ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ስሙን በሽፋን ላይ አንብቤ ነው። ወሬውን ለሌሎች የትምህርት ጓደኞቻችን ስነግራቸው ሁሉም የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «እኛንስ አስገብቶናል?» የሚል። መጽሐፉ ጥሩ መሆን አለመሆኑን የጠየቀኝ አልነበረም። የደራሲውንም ሆነ የመጽሐፉን ስም እዚህ አልጠቅስም። በየዳ ሰው በስሙ ብቻ ሳይሆን በአያት በቅድመ አያቱ የሚተዋወቅበት አገር ነውና፣ ርእሱን የሰማ ሁሉ መጽሐፉን ገልጦ ዘመዱን መፈለግ ይጀምራል። ይህ ደግሞ ቀጥዬ የምከራከረው ንባብ ራሱ ነው።

«ለማን ነው የተገጠመው?»

ይህ ልማድ ከየት መጣ? ካለማንበብ ወይም ካለመማር የመጣ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። የቃል ሥነጽሑፋችን ለረጅም ዘመን ያስተማረን እንዲህ ያለውን አሰማም ነው። አዝማሪ በሰርግ ቤት ሲገጥም ግጥሙ በዚያው ቤት የተቀመጠ አንድን ሰው ይነካል። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ወገን ታነሣለች፤ የቀበረውንና ያልቀበረውን ትለያለች። ፎካሪም ያለ ባላንጣ አይፎክርም። እንዲህ ባለ ጉባኤ የአድማጭ ችሎታ የሚለካው ግጥሙ ማንን እንደነካ ከጎረቤቱ ቀድሞ በማወቁ ነው። በሰሜን ደጋ ያደገ ሰው «ለማን ነው የተገጠመው?» ብሎ ሲጠይቅ የሥነጽሑፍ ጥያቄ እየጠየቀ ነው።

የቅኔ ትምህርትም ይህንኑ ልማድ በሌላ በኩል ያጠናክረዋል። ሰሙን ገልጦ ወርቁን ማግኘት የተማረ አእምሮ ልብ ወለድ ሲያነብ ገጸባህሪው ሰም፣ ከኋላው ያለው እውነተኛ ሰው ደግሞ ወርቅ ሆኖ ቢታየው አያስደንቅም። ነገር ግን ከዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነገር ይዘነጋል። በቅኔ ወርቁ ከሰሙ የላቀ ነው፤ ባለቅኔው ሰሙን የሚያበጀው ከፍ ወዳለው ምስጢር ሊያደርሰን ነው። በልብ ወለድ ግን ደራሲው የሚነሣው ከሚያውቀው ሰው ሲሆን የሚደርሰው ከዚያ ሰው ወደሚሰፋ ፍጡር ነው። ስለዚህ ወዳጅ አንባቢ «ይህማ እገሌ ነው» ሲል ወርቁን አገኘሁ ብሎ ወደ ሰሙ ተመልሷል።

ሲራክ ማን ነው?

የመጀመሪያው ማሳያዬ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ደራሲው በ1902 ዓ.ም. የተወለዱ፣ በ1928 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር የዘመቱ፣ ጣሊያን አገር የታሰሩ፣ አምባሳደርና ሚኒስትር የሆኑ ሰው ነበሩ። ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ሥራ ለሚያውቋቸው ሰዎች ይህ ሰው ትልቅ ልብ ወለድ ማበርከታቸው አዲስ ነገር ነበር። በቅርብ የሚያውቃቸው በበዛብህ የቅኔ ትምህርት የሐዲስን የቅኔ ትምህርት፣ በጉዱ ካሣ አንደበት የሐዲስን ሐሳብ ለማየት አይቸገርም። ተመሳሳይነቱ እውነት ነው። ነገር ግን በዛብህ በወጣትነቱ ይሞታል፤ ሐዲስ ደግሞ ዓለምን ዞረው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ስለ እርሱ ጻፉ። በዛብህ ከደራሲው ሕይወት የተወሰደ ቢሆን እንኳ የተወሰደው ደራሲው ካልሄዱበት መንገድ ነው። የሐያሲው ጥያቄም «በዛብህ ሐዲስ ናቸው ወይ?» ሳይሆን «የዳኑት ሰው የሚሞተውን ለምን መረጡ?» የሚል መሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው ማሳያ የበለጠ ግልጽ ነው። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው «ደራሲው» ውስጥ ድርሰት ለመውለድ የሚያምጠው ሲራክ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ምስል መሆኑ በሰፊው ይነገራል። ሁለቱ በአንድ ዘመን የጋዜጠኝነት ሙያ የተዋወቁ ደራስያን ነበሩ። እንደሚታወቀው ስብሐት መጽሐፉ ሳይታተም ለወዳጆቹ ደራሲ የነበረ ሰው ነው። «ሌቱም አይነጋልኝ» በሳንሱር ምክንያት ሳይታተም ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለፈረንሳይኛ አንባብያን እስኪደርስ ድረስ ብዙዎች የሚያውቁት በወሬና በብዜት ነበር። ስለዚህ ለስብሐት ወዳጆች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ያረጀ ጓደኛቸው ደራሲ መሆኑን አንድ ቀን አልደረሱበትም፤ የሚያውቁት ደራሲ እስኪታተም ድረስ ጠበቁ እንጂ።

ታዲያ ስብሐትን የሚያውቅ ሰው «ደራሲው»ን ሲያነብ ምን ያገኛል? የአኗኗር ምልክቶችን ያገኝ ይሆናል። የማያገኘው ግን ስብሐትን ስብሐት ያደረገውን ነገር፣ ማለትም ቋንቋውን ነው። የስብሐት አነጋገር ያለው በራሱ ድርሰቶች ውስጥ እንጂ በሲራክ አንደበት አይደለም፤ ሲራክ የሚናገረው በበዓሉ አማርኛ ነው። ከዚያም በላይ ሲራክን የሚያስጨንቀው ጥያቄ፣ ደራሲ ለሕዝብና ለእውነት ያለበት ዕዳ፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በመንግሥት ማስታወቂያ ሥራ ላይ የነበረውን በዓሉን ራሱን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው፣ ዋጋውንም የከፈለው በዓሉ ነው። በሲራክ ውስጥ ስብሐትን ብቻ ያየ ወዳጅ አንባቢ በፊቱ የቆመውን በዓሉን ሳያይ አልፏል።

«እኔን ነው» ያለ አንባቢ

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መቼቱ ያደረገ ሲሆን፣ ተራኪው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የዘመቻውን የፕሮፓጋንዳ ሥራ እንዲመራ ወደ አስመራ የሚላክ ጋዜጠኛ ነው። በዓሉም በዚያ ዘመቻ አስመራ ላይ በዚሁ መስክ ሠርቷል። መጽሐፉ ገበያ ላይ ብዙም ሳይቆይ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ይህ ታሪክ ስለ ሳንሱርና ስለ አምባገነንነት ሲወሳ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። በእኔ አመለካከት ግን ስለ ንባብ የሚያስተምረው ነገርም አለ። መጽሐፉ በብዙዎች ዘንድ የተነበበው ገጸባህርያቱን ከባለሥልጣናት ጋር በማዛመድ ነበር። እነዚህ አንባብያን፣ ምሥጢሩን የሚያውቁ ባለሥልጣናትም ጭምር፣ በዚህ ጽሑፍ ትርጉም ወዳጅ አንባቢ ነበሩ። ሰዎቹን፣ ስብሰባዎቹን፣ ሆቴሎቹን ያውቃሉ። ይህ ሁሉ እውቀት ግን መጽሐፉን ከስም ዝርዝር አላስበለጠውም። «እገሌን ነው» የሚል ንባብ በአዝማሪ ጉባኤ ሲሆን ሳቅ ያመጣል፤ ሥልጣን በያዘ ሰው እጅ ሲሆን ማስረጃ ይሆናል፤ ደራሲውም ተከሳሽ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2025 «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ። የዚያ ትርጉም አንባቢ በአብዛኛው ባዕድ አንባቢ ነው። የትኛው ገጸባህሪ የትኛውን ባለሥልጣን እንደሚመስል አያውቅም፤ ቢነገረውም ስሙ ትርጉም አይሰጠውም። ለእርሱ የሚቀረው በጸጋዬና በፊያሜታ መካከል ያለው ፍቅር፣ በአዲስ አበባ የቀረችው ሮማን፣ ድል ከመገኘቱ በፊት ድል የሚያውጅ የፕሮፓጋንዳ ቢሮ፣ በተራሮቹ ላይ የሚረግፈው ወጣት ነው። መጽሐፉ ያለ ስም ዝርዝሩ በእግሩ መቆም ከቻለ፣ መጀመሪያውኑም ስም ዝርዝር አልነበረም ማለት ነው። ይህን ለማየት ግን ከአርባ ዓመት በላይ ጊዜና ሌላ ቋንቋ አስፈለገ።

ሁሉም የሚያውቀው ሰው

ወዳጅ አንባቢ የአንድ መንደር ወይም የአንድ ቢሮ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ታሪካዊ ልብ ወለድ ያሳየናል። ከበየዳ ጋር በሚዋሰነው በጃናሞራ የምትገኘው ደረስጌ ማርያም ለዚህ ትመቻለች። ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሯት የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ውቤን ድል ካደረጉ በኋላ በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጭነው ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባትም እርስዋ ናት። ለሰሜን ሰው ይህ በትምህርት ቤት ብቻ የሚማረው ታሪክ አይደለም። ውቤ የአገሩ ሰው ናቸው፤ ካሣም ከቋራ መጥተው በአገሩ የነገሡ ናቸው።

የጎንደሩ ተወላጅ ጋዜጠኛና ደራሲ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ በኋላም «የታንጉት ምስጢር»ን ሲጽፍ፣ አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን ሲያቀርብ የጠበቋቸው አንባብያን ሁሉ ማለት ይቻላል ወዳጅ አንባብያን ነበሩ። ቴዎድሮስን የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ የለም። ስለዚህ የደራሲው ፈተና ሰውየውን ማስተዋወቅ አልነበረም፤ አንባቢው አውቀዋለሁ ካለው ሰው ጋር ለጊዜው እንዲለያይ ማድረግ ነበር። «የቴዎድሮስ እንባ» የሚለው ርእስ ራሱ ይህን ያደርጋል። በሽለላና በቀረርቶ የምናውቃቸው ቴዎድሮስ በቁጣቸውና በሽጉጣቸው የሚታወሱ ናቸው፤ እንባ የዚያ ምስል አካል አይደለም። ብርሃኑ ሁሉም ከሚያውቀው ሰው ማንም ያላየውን ነገር መርጦ በሽፋኑ ላይ ጻፈው። ልብ ወለድ ከታሪክ የሚለይበትን መስመር ከዚህ በላይ በሁለት ቃል ማስመር አይቻልም።

ወዳጅ አንባቢ ምን ይረባል?

እስከ አሁን የተባለው ወዳጅ አንባቢን ከሒስ ለማግለል የቀረበ ክስ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ወዳጅ አንባቢ ባዕድ አንባቢ በምንም መንገድ ሊያገኘው የማይችለው ሁለት ዓይነት እውቀት አለው።

አንደኛው ስለ አገሩ ያለው እውቀት ነው። በመግቢያው ላይ ያነሣሁት የጓደኛዬ ልብ ወለድ መቼት ከራስ ደጀን ግርጌ ያለው የበየዳ ደጋ ነው። ይህ አገር በውጭ ጽሑፎች የሚታወቀው በዋልያና በጭላዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ለጎብኚ ጭላዳ ትርኢት ነው፤ ገብስ ለሚጠብቅ ልጅ ግን ባላንጣ ነው። በጓደኛዬ መጽሐፍ ውስጥ ጭላዳ አንድም ጊዜ «ውብ» አልተባለም፤ ሁልጊዜ ከማሳ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው። አስታው ማገዶ ነው፤ ጓሳው የቤት ክዳን ነው፤ ውርጩ የሰብል ሞት ነው። ደራሲው ጅብራውን እንኳ ያነሣው ውርጭ ባደረበት ጧት መንገድ ለማመልከት ብቻ ነው። ባዕድ አንባቢ ይህን ቁጥብነት የገለጻ ድህነት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። አገሩን የሚያውቅ ሐያሲ ግን ይህ ከውስጥ የሚያይ ዓይን መሆኑን ሊመሰክር ይገባል። በዚያ ደጋ ጤፍ የሚያሳጭድ ደራሲ ቢመጣም ውሸቱን ነቅሶ ማውጣት የወዳጅ አንባቢ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው እውቀት የበለጠ ዋጋ አለው። ትዝታ የት ላይ አልቆ ፈጠራ የት እንደሚጀምር ማመልከት የሚችለው ወዳጅ አንባቢ ብቻ ነው። በዚህ መጽሐፍ ባለታሪኩ ልጅ ስንቁን አሸክማ እናቱ ከበየዳ ወደ ደባርቅ ለትምህርት ትልከዋለች። ያን መንገድ በእግሩ የሄደ ሰው ቀናት እንደሚፈጅና ስንቁም ከትምህርቱ ቀድሞ እንደሚያልቅ ያውቃል። በመጽሐፉ ግን መንገዱ በአንድ አዳር ያልቃል፤ ስንቁም ይተርፋል። መንገዱን ማሳጠር የደራሲው መብት ነው፤ ትልሙም ይህን ይፈልግ ነበር። ስንቁን ማትረፉ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የልጁን ረኀብ ስላስወገደ ከዚያ በኋላ በደባርቅ የሚያደርገውን ሁሉ፣ መስረቁንም ጭምር፣ ያለ ምክንያት አስቀርቶታል። በእኔ እምነት የመጽሐፉ ዋና ድክመት ይህ ነው። ጓደኝነት ይህን ከማለት ሊያግደኝ አይገባም፤ ባዕድ አንባቢ ጉድለቱ ሊሰማው ቢችልም ምንጩን ሊያሳይ አይችልምና።

በአንጻሩ የመጽሐፉ ምርጥ ምዕራፍ ልጁ የሌለበት ነው። እናቲቱ ሌሊት ብቻዋን ሆና ለልጇ በሶ የሚሆነውን ገብስ ትሸከሽካለች፤ ትቆላለች፤ ትፈጫለች። ይመለስ ይሆን፣ ቢመለስስ ገብስ ያጭድ ይሆን እያለች ከራሷ ጋር ትነጋገራለች። ቤቱን የሚመራ ወንድ ልጅ ወደማታውቀው ነገር እየላከች መሆኗን ታውቃለች፤ ቢሆንም መፍጨቷን አታቆምም። እኛ ተማሪዎች የምናውቀው የታሰረውን ስንቅ እንጂ የተዘጋጀበትን ሌሊት አልነበረም፤ ተኝተን ነበርና። ይህን ምዕራፍ ደራሲው ከትዝታው ሊያወጣው አይችልም። ጓደኛዬን በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ብፈልገው አላገኘውም። ደራሲ ሆኖ ያገኘሁት ግን በዚህ ቦታ ነው። «እኛንስ አስገብቶናል?» የሚል አንባቢ ራሱን በማያገኝበት በዚህ ምዕራፍ ላይ ገጹን ቶሎ ገልጦ ያልፋል።

ማጠቃለያ

በዘመናችን በሕይወት ስላሉ ደራስያን የዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። ብዙዎቹም የሚጀምሩት ደራሲውንና ወዳጆቹን በማነጋገር ነው። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ቃለ መጠይቁ የገጸባህርያትን ባለቤት ለማወቅ ሲውል ነው። ከሐዲስ፣ ከበዓሉና ከብርሃኑ ሥራዎች የምንረዳው ደራሲው የሚያውቀውን ሰው ማግኘት የንባብ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። መጠየቅ የሚገባው ከዚያ ሰው ምን ተወሰደ፣ ምን ተተወ፣ ምንስ ተጨመረ የሚለው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወዳጅ አንባቢ ሊነግረን ይችላል። ሦስተኛውን ለማግኘት ግን ወዳጁም ባዕዱም ወደ መጽሐፉ መመለስ አለባቸው።

ከዚህ ላይ የሐያሲ ኃላፊነትም አለ። በየዳን፣ ደባርቅን፣ ዳባትን ከመሰሉ ሰው ሁሉ ከሚተዋወቅባቸው አገሮች የሚወጡ ልብ ወለዶች ወደፊት እየበዙ መምጣታቸው አይቀርም። የአካባቢው ተማሪዎችም የመጀመሪያዎቹ አንባብያን ይሆናሉ። እነዚህ አንባብያን መጽሐፉን በስም ዝርዝርነት ከተቀበሉት ቀጣዩ ደራሲ ከጎረቤት ጋር እንዳይጣላ ሲል እውነቱን እየቀነሰ ይጽፋል፤ ወይም ጭራሹን አይጽፍም። በ1976 ዓ.ም. የጠፋብን አንድ ደራሲ ነው፤ እንዲህ ባለ ንባብ ግን ገና ብዕር ያላነሡ ብዙዎች ሊጠፉብን ይችላሉ። ስለዚህ ወዳጅ አንባቢ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩና ስለ መንገዱ ይመስክር፤ ስለ ሰዎቹ ግን መጽሐፉ ራሱ ይናገር።